ፍራንቸስኮ ካርሌቲ፦ የፊሬንዜው ነጋዴ በናጋሳኪ

በጃፓን አገር ስለ ነገዱ ኢጣሊያውያን ሲነሣ፣ ብዙውን ጊዜ የሚታወሱት በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከኔፕልስ አጠገብ ከምትገኘው ከቶሬ ዴል ግሬኮ ተነሥተው፣ በቶሳ ባሕር የሚወጣውን መርጃን፣ ማለትም ቀዩን የባሕር ጌጥ፣ ለመግዛት እስከዚያ ድረስ የተጓዙት ነጋዴዎች ናቸው። በዚህ እትም ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብለት ሰው ግን እነርሱን ወደ 300 ዓመት ያህል የቀደመ ነው። ስሙ ፍራንቸስኮ ካርሌቲ ይባላል። ቅዱስ አይደለም፤ ሰማዕትም ገዳማዊም አልነበረም። ነጋዴ ነበር፤ ያውም ሰውን እንደ ዕቃ ገዝቶ የሸጠ ነጋዴ። ስለ እንዲህ ያለ ሰው በሀገረ ስብከት መጽሔት ላይ መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር አንቀየመውም። እኛ የናጋሳኪን ሰማዕታት ታሪክ በዘርአ ክህነት ከተማርንበት ጊዜ ጀምሮ፣ መስቀሎቻቸውን በዓይኑ አይቶ የጻፈ አንድ ምእመን ነጋዴ መኖሩን እናውቅ ነበር። ጽሑፉን ቀርበን ስንመለከተው ግን ከመስቀሎቹ ይልቅ ስለ ራሱ ኅሊና የተናገረው ነገር ያዘን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፍራንቸስኮ በ1573 አካባቢ በፊሬንዜ፣ ማለትም በፍሎረንስ ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በተገኙበት ታላቅ ጉባኤ ምክንያት ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለችም። በካርሌቲ ዘመን የቶስካናን ምድር የሚገዙት የሜዲቺ ቤት ታላላቅ መሳፍንት ነበሩ። አባቱ አንቶኒዮ ነጋዴ ነበር፤ ልጁንም በ1591፣ ዕድሜው 18 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ንግድ እንዲማር ወደ ሴቪሊያ ላከው። ሴቪሊያ በዚያን ጊዜ ከአዲሱ ዓለም የሚመጣው ብር ሁሉ የሚገባባት የስፔን በር ነበረች። ወጣቱም በአንድ የአገሩ ተወላጅ ነጋዴ ቤት ተቀምጦ መግዛትንና መሸጥን፣ ሒሳብ መያዝንም ተማረ። ሁሉን ነገር ቈጥሮና ዋጋውን ጠይቆ የመጻፍ ልማዱ ከዚያ የመጣ ይመስለናል። በኋላ የጻፈው መጽሐፍ፣ ስለ ሃይማኖትም ሆነ ስለ ሞት ሲናገር እንኳ፣ የሒሳብ መዝገብ ጠረን የሚለየው አይደለም።

በ1594 መጀመሪያ አባትና ልጅ ትንሽ መርከብ ይዘው ከስፔን ጠረፍ ወደ ኬፕ ቨርድ ደሴቶች ሄዱ። ዓላማቸው አፍሪካውያን ባሮችን ገዝተው በአሜሪካ ለመሸጥ ነበር። በዚያም 75 ሰዎችን፣ ወንዶችንና ሴቶችን፣ ገዙ። የደሴቲቱ ፖርቱጋላውያን ከአፍሪካ ጠረፍ ያመጧቸውን እነዚህን ሰዎች በእርሻ ቤቶቻቸው እንደ ከብት መንጋ ያኖሯቸው እንደ ነበር ካርሌቲ ጽፏል። ግዢው ሲያልቅ እያንዳንዱ ሰው የገዢው ምልክት ይደረግበታል። ምልክቱም ከብር የተሠራ ሆኖ በሻማ ነበልባል ከጋለ በኋላ በደረት፣ በክንድ ወይም በጀርባ ላይ ይታተማል። ካርሌቲ ይህን ሁሉ ከነአሠራሩ ዘርዝሮታል፤ እርሱና አባቱም እንደ ሌሎቹ አድርገዋል።

ነገር ግን ይህን ከዘረዘረ በኋላ፣ ንግዱን ትቶ በታላቁ መስፍን ፊት ተቀምጦ በሚያስታውስበት ጊዜ፣ ኅሊናው እንደሚታወክበትና እንደሚያዝን ይናገራል። ሥራው ለሰው ልጅ የማይገባ፣ ከክርስቲያን ስምና ርኅራኄም የራቀ መሆኑን ያምናል። እነዚያ ሰዎች በመልክና በዓለም ዕድል ቢለዩም፣ የእኛን ነፍስ የፈጠረው ያው ፈጣሪ የፈጠረው አንድ ዓይነት ነፍስ እንዳላቸው፣ የተጠመቁም ስለሆኑ የአንድ እምነት ልጆች መሆናቸውን ይመሰክራል። ከዚያም ንግዱ እርሱን ከቶ ደስ እንዳላሰኘው፣ ያደረገውም ለሚያዝዘው መታዘዝ ስለ ነበረበት መሆኑን ይጨምራል። የሚያዝዘው አባቱ ነው። በኑዛዜ ወንበር የተቀመጠ ካህን ሁሉ ይህን አነጋገር ያውቀዋል። ኃጢአቱ ሳይሸሸግ ይነገራል፤ ወዲያው ግን ያዘዘኝ ሌላ ነው የሚል ቃል ይከተለዋል። የሆነ ሆኖ፣ በዚያ ዘመን ከነገዱት ብዙ ሺህ ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ቃል በጽሑፍ የተወ ነጋዴ እጅግ ጥቂት ነው።

የቤተ ክርስቲያንንም ነገር በሐቀኝነት እንናገር። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 3ኛ የአሜሪካን ተወላጆች ባሪያ ማድረግን በ1537 በጽኑ ከልክለው ነበር። የፖርቱጋል ንጉሥ ሰባስቲያንም በ1570 ጃፓናውያንን ባሪያ ማድረግን በአዋጅ አግዷል። ይሁን እንጂ የአፍሪካውያን ንግድ ቀጠለ፤ ባሮችን ያኖሩ ገዳማትና ካህናትም ነበሩ። ስለዚህ ካርሌቲ በኬፕ ቨርድ የፈጸመው ነገር በጊዜው ከነበሩት ምእመናን የሚለየው አልነበረም። የሚለየው ነገሩን ጽፎ መተዉ ነው።

ሰዎቹ በካርታሄና ወደብ ተሸጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን የአሜሪካ ጉዞ በአጭሩ እናልፈዋለን፦ ፓናማን ተሻግረው ወደ ሊማ፣ ከሊማም ወደ ሜክሲኮ ሄዱ፤ ዕቃውን በብር እየለወጡ ገንዘባቸውን አበዙ። በመጨረሻም ወደ ፊሊፒንስ ለመሻገር ወሰኑ። ለንጉሡ አገልግሎት ያልተመዘገበ ሰው በዚያ መርከብ መሄድ ስለማይፈቀድለት፣ አባትና ልጅ የመርከብ ሹማምንት ተብለው ተመዘገቡ፤ ሥራውን ግን ሌሎች ሠሩላቸው። በመጋቢት 1596 ከአካፑልኮ ተነሥተው በሰኔ ማኒላ ደረሱ።

ወደ ምሥራቅ የገቡት በምዕራብ በኩል ስለ ነበር አንድ የሚያስገርም ነገር ገጠማቸው። በሜክሲኮ በኩል ወደ ማኒላ የመጡት ስፔናውያን፣ አፍሪካን ዞረው ከመጡት ከፖርቱጋላውያን ይልቅ በቀን አቈጣጠር አንድ ቀን ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር። በማኒላ ዓርብ ሆኖ ምእመናን ከሥጋ ሲጾሙ፣ በማካዎ ያሉት ፖርቱጋላውያን ቅዳሜ ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ቀኑን በጥንቃቄ ቈጥረዋል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ማኒላ ይህን ልዩነት ያስተካከለችው በ1844 መጨረሻ አንድ ቀን ዘልላ በመቊጠር ነው።

ካርሌቲ በማኒላ ሳለ በጃፓን ትልቅ መከራ ይዘጋጅ ነበር። የአገሩ ገዥ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ሚስዮናውያን ከጃፓን እንዲወጡ በ1587 አዋጅ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን አዋጁ ለብዙ ጊዜ በጽኑ አልተፈጸመም። በጥቅምት 1596 ሳን ፌሊፔ የተባለው፣ ከማኒላ ወደ ሜክሲኮ ይሄድ የነበረ፣ ብዙ ሀብት የጫነ የስፔን መርከብ በዐውሎ ነፋስ ተገፍቶ በቶሳ ጠረፍ ተሰበረ። ሂዴዮሺም ጭነቱን ወረሰ። ከመርከቡ ሰዎች አንዱ ሚስዮናውያን የሚላኩት ለወታደሮች መንገድ ለመጥረግ ነው ብሎ ተናገረ የሚል ወሬ ወደ ገዥው ጆሮ ደረሰ ይባላል፤ በዚህ ነገር የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ያም ሆነ ይህ ቊጣው በፍራንቸስካውያንና በተከታዮቻቸው ላይ ወረደ። የግራ ጆሮአቸው በኪዮቶ ተቈረጠ፤ በክረምትም ብርድ ከዚያ እስከ ናጋሳኪ ተነዱ። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1597 ሃያ ስድስቱ ሰማዕታት ከናጋሳኪ ከተማ ውጭ በኮረብታ ላይ ተሰቀሉ።

ካርሌቲና አባቱ በጃፓናውያን መርከብ ከማኒላ ወጥተው በሰኔ 1597 ናጋሳኪ ሲደርሱ፣ ከዚህ ሞት ገና አራት ወር ያህል ብቻ አልፎ ነበር። መርከቡ ወደብ እንደ ገባ ግን በመጀመሪያ የገጠማቸው ፍተሻ ነው። የገዥው ሹማምንት ወደ መርከቡ ወጥተው ብርም ወርቅም አልፈለጉም። የፈለጉት ከፊሊፒንስ የሚመጡ አንዳንድ የሸክላ ማሰሮዎችን ነበር። እነዚህ ማሰሮዎች በፊሊፒንስ ምንም ያህል ዋጋ የላቸውም፤ ጃፓናውያን ግን ሻይ ቅጠል ሳይበላሽ ለብዙ ዓመት ይጠብቃሉ ብለው ስለሚያምኑ እጅግ ይፈልጓቸዋል። ገዥው ሁሉንም ለራሱ መግዛት ስለሚፈልግ፣ ማሰሮ ያለው ሰው ሳይናገር ቢቀር ቅጣቱ ሞት ነበር። ካርሌቲ እንደ ልማዱ ዋጋ ጠየቀ፤ አንዳንዱ ማሰሮ በብዙ ሺህ ስኩዲ እንደሚገመትም ሰማ። ስኩዶ በኢጣሊያ የሚሠራበት ገንዘብ ነበር። ይህን የማሰሮ ነገር አንባቢዎቻችን በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ወደ እርሱ እንመለሳለንና።

ካርሌቲ ወደ ከተማይቱ እንደ ገባ ወዲያው ወደ ኮረብታው ሄደ። ሥጋቸው ገና ከመስቀል አልወረደም ነበር። የጃፓን መስቀል እኛ በቤተ ክርስቲያን ከምናውቀው ይለያል፤ ለእግር ሁለተኛ አግዳሚ እንጨት፣ በመካከሉም ለመቀመጫ የሚሆን ጒማጅ አለው። ሰውየው በችንካር አይቸነከርም፤ አንገቱ፣ እጆቹና እግሮቹ በብረት ቀለበትና በገመድ ይታሰራሉ። መስቀሉ ከቆመ በኋላ ጦረኞች ከግራና ከቀኝ ጐን በጦር ይወጉታል፤ የጦሮቹም ጫፍ በደረት ውስጥ ይተላለፋል። ካርሌቲ ይህን አሠራር አንድም ሳያስቀር ጽፎታል። የናጋሳኪ ክርስቲያኖችም ጠባቂዎች እያሉ፣ የከለከላቸውን ሕግ ተላልፈው የሰማዕታቱን ልብስና ሥጋ እንደ ቅዱስ ንዋይ ይወስዱ እንደ ነበር መዝግቧል። ናጋሳኪ በ1571 ለፖርቱጋላውያን መርከብ የተከፈተች ወደብ ስትሆን፣ ሕዝቧ በብዛት ክርስቲያን ነበር።

በዚያ ኮረብታ ላይ የሞቱት ስድስቱ ፍራንቸስካውያን፣ ሦስቱ የኢየሱስ ማኅበር ሰዎች፣ ከእነርሱም አንዱ ቅዱስ ጳውሎስ ሚኪ፣ የቀሩት አሥራ ሰባቱ ደግሞ ጃፓናውያን ምእመናን ነበሩ። ከምእመናኑ መካከል ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማሩ፣ በሽተኞችን ያስታመሙ፣ ዕድሜአቸው ከ12 እስከ 14 ዓመት የሆነ ልጆችም ይገኙ ነበር። መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ይህን ሳታውቁ አትቀሩም። ከስድስቱ ፍራንቸስካውያን አንዱ ግን ከካርሌቲ ጋር በልዩ መንገድ የሚገናኝ ነው። ቅዱስ ጎንሳሎ ጋርሲያ በሕንድ አገር በባሴይን ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ ጃፓን መጥቶ ኢየሱሳውያንን ያገለገለ፣ በኋላም ነጋዴ ሆኖ ገንዘብ ያገኘ ሰው ነበር። ንግዱን ትቶ በማኒላ የፍራንቸስካውያን ወንድም ሆነ፤ ጃፓንኛ ስለሚያውቅም አስተርጓሚ ሆኖ ተመለሰ። ስለዚህ ነጋዴው ካርሌቲ ቆሞ ከተመለከታቸው መስቀሎች በአንደኛው ላይ የተሰቀለው በዚያው አገር የነገደ ሰው ነበር።

ካርሌቲ ከኮረብታው ወርዶ ወደ ሥራው ተመለሰ። በናጋሳኪም ወደ ዘጠኝ ወር ያህል ተቀመጠ። ስለ ጃፓናውያን አኗኗር የጻፈው በጊዜው ለአውሮፓ አዲስ ነበር። በቤታቸው በምንጣፍ ላይ እንደሚቀመጡ፣ የቤታቸው ግድግዳ ከወረቀትና ከእንጨት ተሠርቶ የሚንሸራተት መሆኑን፣ እንጀራቸው ሩዝ እንደሆነ፣ በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ምግብ ሲያነሡ እጃቸው ምግቡን እንደማይነካ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ማጣፈጫ እንዳላቸው፣ እንግዳ ሲመጣም ቻ የሚሉትን ቅጠል በሙቅ ውኃ እንደሚያቀርቡ ተርኳል። ይህ ቻ የእኛው ሻይ ነው፤ ቃሉም ከዚያው ከምሥራቅ የመጣ ነው።

ነጋዴውን ከሁሉ ይበልጥ የሳበው ግን የሐርና የብር ንግድ ነበር። የቻይና መንግሥት ሕዝቡ ከጃፓን ጋር በቀጥታ እንዳይነግድ ስለ ከለከለ፣ ትርፉ በመካከል ለገቡት ለፖርቱጋላውያን ነበር። በማካዎ ጥሬ ሐር ይጭናሉ፤ በናጋሳኪ በጃፓን ብር ይሸጡታል፤ በብሩ ደግሞ በቻይና እንደ ገና ሐር ይገዛሉ። የጃፓን ሚስዮንም ከዚህ ንግድ በሚያገኘው ድርሻ ይረዳ ነበር፤ ይህም በማኅበሩ ውስጥ ሳይቀር ብዙ ክርክር አስነሥቷል።

በዚሁ ዓመት ሂዴዮሺ በኮርያ ላይ ሁለተኛውን ዘመቻ ከፍቶ ነበር፤ የመጀመሪያው በ1592 የጀመረው ነው። ከዚያ ጦርነት ቊጥር የሌላቸው ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች ተማርከው ወደ ጃፓን ይመጡ፣ በናጋሳኪም በእጅግ ርካሽ ዋጋ ይሸጡ ነበር። ካርሌቲ አምስት ኮርያውያን ገዛ። ለአምስቱም የከፈለው ከ12 ስኩዲ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ነበር። ይህንንም ዋጋ እንደ ማሰሮዎቹ ዋጋ በመጽሐፉ አስፍሯል። ሁለቱን አኃዞች ግን አጠገብ ለአጠገብ አላስቀመጣቸውም፤ አጠገብ ለአጠገብ ያደረግናቸው እኛ ነን። በአንዲት ወደብ፣ በአንድ ዓመት፣ የሻይ ማስቀመጫ ሸክላ በብዙ ሺህ፣ አምስት ነፍስ በ12።

አምስቱን ሰዎች አስጠመቃቸው። ምን ትምህርት ተሰጥቷቸው፣ በምን ቋንቋ እንደ ተማሩ አልጻፈም፤ ትምህርተ ክርስቶስ ለሚያስተምር ሰው ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። በዚያው ጊዜ ግን በናጋሳኪ የነበረችው ቤተ ክርስቲያን ስለ እነዚህ ምርኮኞች ዝም አላለችም። ካርሌቲ ከጃፓን ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1598 ክረምት ናጋሳኪ የደረሱት ብፁዕ አቡነ ሉዊስ ሰርኬራ፣ በመስከረም ወር ካህናቱን ሰብስበው መከሩ፤ ጃፓናውያንንና ኮርያውያንን ባሪያ አድርገው የሚገዙ ሰዎች ላይ ከእርሳቸው በፊት የታወጀውን የውግዘት ቅጣትም አጸኑ። መርከቦቹ ግን ምርኮኞችን መጫናቸውን ወዲያው አልተዉም። ሂዴዮሺም በዚያው ወር ስለ ሞተ የኮርያው ጦርነት ቆመ።

በመጋቢት 1598 አባትና ልጅ ወደ ማካዎ ተሻገሩ። የስፔን ግዛት ሰዎች ወደ ፖርቱጋል ግዛት መግባታቸው የተከለከለ ስለ ነበር፣ እንደ ደረሱ ተይዘው ለጥቂት ጊዜ ታሰሩ። በሐምሌ ወር አባቱ አንቶኒዮ ካርሌቲ በማካዎ ሞተ፤ በዚያም ተቀበረ። ፍራንቸስኮ በዚያን ጊዜ ወደ 25 ዓመት ይሆነዋል። ከእንግዲህ ወዲህ የሚያዝዘው አልነበረም። የምንወቅሰውም የምናመሰግነውም ነገር ሁሉ ከዚህ በኋላ የራሱ ነው።

በማካዎ እስከ 1599 መጨረሻ ቆይቶ ጥሬ ሐር፣ ምስክ የሚባለውን ሽቱ፣ በሰማያዊ ቀለም የተጌጠ የቻይና ሸክላ ገዛ። በማላካ በኩል አድርጎም በመጋቢት 1600 ጎዋ ደረሰ። ጎዋ የፖርቱጋላውያን ሕንድ ዋና ከተማ ነበረች፤ ከሜዲትራንያን የሚመጣው መርጃን፣ የወርቅ ሐርና የቅመም ዓይነት ሁሉ በገበያዋ ይታይ ነበር። ይህች ከተማ ከእኛም ታሪክ ጋር የተያያዘች ናት። በየመን ከታሰሩበት ምርኮ የተፈቱት አባ ፔድሮ ፓዬዝ በእነዚሁ ዓመታት በፖርቱጋላውያን ሕንድ ነበሩ፤ በ1603 ከዚያ ተነሥተው በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገቡ። ከጎዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለው ምድር ደግሞ በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ተሽጦ የወጣው ማሊክ አምባር በ1600 የአህመድናጋርን ንጉሥ በዙፋን እስከ ማስቀመጥ ደርሶ ነበር። የሰው ንግድ ሲነሣ የሌሎች አገሮች ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን ነው ይህን ማንሣታችን።

ካርሌቲ በጎዋ አራቱን ኮርያውያን ነጻ አውጥቶ ተዋቸው። ይህን በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ብቻ ገልጾ ያልፋል፤ ራሱን አያመሰግንበትም፤ ምክንያቱንም አይናገርም። የአባት ትእዛዝ በሌለበት ያደረገው ነውና እኛ ትንሽ ነገር አድርገን አናየውም። ይሁን እንጂ ነጻ የወጡት ሰዎች ከአገራቸው እጅግ በራቀ፣ ዘመድም ወገንም በሌላቸው ከተማ መቅረታቸውን ሳንናገር ብናልፍ እውነቱን አናጐድላለን?

በ1601 የልደት በዓል ቀን ካርሌቲ ሀብቱን ሁሉ ሳንቲያጎ በተባለ የፖርቱጋል መርከብ ጭኖ ወደ አውሮፓ ጉዞ ጀመረ። ለስምንት ዓመት ያህል ዓለምን ዞሮ ያከማቸው ሁሉ በአንድ መርከብ ነበር። በመጋቢት 1602 ሳንቲያጎ ውኃ ለመቅዳት ወደ ቅድስት ሄሌና ደሴት ስትቀርብ፣ የዜላንድ ሆላንዳውያን መርከቦች በዚያ ቆመው አገኘቻቸው። ውጊያው ከአንድ ቀን በላይ ፈጀ፤ መርከቢቱ ተሰብራ እጇን ሰጠች። ሐሩ፣ ምስኩ፣ ሸክላው፣ በጉዞው ሁሉ የጻፋቸው ማስታወሻዎች ሳይቀሩ ተወሰዱበት። ብዙዎቹ መንገደኞች በብራዚል ጠረፍ ፊት በምትገኝ ጠፍ ደሴት ላይ ሲወርዱ፣ እርሱ ግን ዕቃዬን ሳልከተል አልቀርም ብሎ ከማራኪዎቹ ጋር እስከ ዜላንድ ድረስ ሄደ፤ በሐምሌም ሚድልቡርግ ደረሰ።

በዚያ ክርክር ገጠመ። የእርሱ አቤቱታ የቶስካና መስፍን ተገዥ እንጂ የስፔን ሰው ስላልሆነ፣ አገሩም ከሆላንድ ጋር ጦርነት ስለሌላት ንብረቱ ሊወረስ አይገባም የሚል ነበር። ማራኪዎቹም በጠላት መርከብ የተጫነ የጠላት ዕቃ ነው አሉ። ታላቁ መስፍን ፈርዲናንዶ 1ኛ ስለ እርሱ ደብዳቤ ጻፉ፤ ክርክሩ ለዓመታት ተጓተተ። በመጨረሻ ከሀብቱ ጥቂቱን ብቻ ተቀብሎ ታረቀ። ሌሎችን በዋጋ ሲቀበል የኖረው ሰው አሁን የራሱ ሀብት በሌሎች እጅ ሲመዘንና ሲከፋፈል ቆሞ ያያል። ይህን የእግዚአብሔር ቅጣት ነው ለማለት እኛ አንደፍርም፤ ሳንቲያጎ ላይ ከእርሱ ያነሰ ኃጢአት ያላቸው ብዙዎች ከእርሱ የበለጠ አጥተዋልና።

በሐምሌ 1606፣ ከ15 ዓመት በኋላ፣ ወደ ፊሬንዜ ተመለሰ። በንጉሥ መርከብ አዛዥነት ሳይሆን እንደ ተራ መንገደኛ፣ ከመርከብ ወደ መርከብ እየተሻገረ ዓለምን ከዞሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው። ታላቁ መስፍንም በቤተ መንግሥታቸው ተቀብለው ያየውን እንዲተርክላቸው ጠየቁት። ማስታወሻዎቹ ስለ ጠፉ ከቃሉ ተናገረ፤ ትረካውም ስድስቱ ስለ ምዕራብ፣ ስድስቱ ስለ ምሥራቅ አገሮች የሆኑ 12 ክፍሎች አሉት። በኋላ በመስፍኑ ቤት አገልጋይ ሆኖ ኖረ። የሞተው በፊሬንዜ በ1636 ነው። ትረካው በእጅ ጽሑፍ ብቻ እየተገለበጠ ቆይቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1701 በፊሬንዜ ታተመ።

የኮረብታው ሰማዕታት በ1627 ብፁዓን፣ ጁን 8 ቀን 1862 ደግሞ በር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 9ኛ ቅዱሳን ተባሉ፤ በዓላቸውም በላቲን ሥርዓት ፌብሩዋሪ 6 ቀን ይከበራል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1981፣ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2019 በዚያች ኮረብታ ተገኝተው ጸልየዋል።

ከአምስቱ ኮርያውያን አንዱን ካርሌቲ ከራሱ ጋር እስከ ፊሬንዜ አምጥቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ሮማ እንደ ሄደና እዚያ ሳይኖር እንደማይቀር በመጽሐፉ ጽፏል። በኋላ ዘመን ሰዎች ሩበንስ የሣለውን የኮርያ ልብስ የለበሰ ሰው ሥዕል የእርሱ ነው አሉ፤ በካላብሪያ ኮሬያ የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸውንም ሰዎች የእርሱ ዘሮች አደረጓቸው። የዛሬ ሊቃውንት ሁለቱንም አይቀበሉም። እናቱ ያወጣችለት የኮርያ ስም በየትም አልተጻፈም። በሮማ የሚጠራበት ስም ግን ተጽፏል፤ አንቶኒዮ ይባል ነበር፣ በማካዎ በተቀበረው በነጋዴው አባት ስም።